ልጄ አይናገርም፤ አማርኛውን እንተውለት? ወደ አገር ቤትስ ልላከው?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት እንዲህ ስትል ጽፋለች። «እዚሁ አሜሪካ የተወለደው ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ዓመት ተኩል ሲሆነው ‹ማማ› እና ‹ውሃ› ይል ነበር፤ አሁን ትቶታል። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፤ የመጫወቻ መኪና ጎማ ሲያሽከረክር ይውላል። ሐኪሙ መጠይቅ አስሞልታኝ ለኦቲዝም መመርመር አለበት አለችኝ። የዴይኬሩ አስተማሪ ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ይሆናል፣ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት ትላለች። ባለቤቴ እኔም አፌን የፈታሁት በአራት ዓመቴ ነው፣ ልጁን ስም አታውጪለት ይላል። እናቴ ደግሞ ወደ እኔ ላኪው፣ ጠበል ይጠመቅ፣ ከልጆች ጋር ሲውል ይፈታል ትለኛለች። ከክትባት ነው የሚሉኝም አሉ፤ የአሥራ አንድ ወር ሴት ልጅ ስላለችኝ ፈርቻለሁ። የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አልተወሰነም፤ ልጁ መንግሥት ዘንድ ቢመዘገብ ወረቀታችንን ያበላሽብን ይሆን? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ከየት ልጀምር ላሉት መልሱ አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። በዚህ ሳምንት ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» ወደሚባለው የካውንቲዎ የሕፃናትና ታዳጊዎች ፕሮግራም ስልክ ደውለው ልጅዎ እንዲመዘንልዎ ይጠይቁ። ለዚህ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግዎትም፤ የኦቲዝም ምርመራ ውጤትም አይጠየቁም፤ ባለቤትዎና እናትዎ በልጁ ሁኔታ ላይ እስኪስማሙ መጠበቅም የለብዎትም። ምዘናውን ለመጠየቅ የወላጅ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ክፍያም የለውም። በሥራዬ ከማገኛቸው የሐበሻ ቤተሰቦች መካከል ብዙዎቹ ጊዜ የሚባክንባቸው አገልግሎት ተከልክለው ሳይሆን፣ ኦቲዝም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ቤት ውስጥ እስኪቋጭ ሲጠብቁ ነው። ክርክሩ የራሱን ጊዜ ይውሰድ፤ ልጁ ግን በመሃሉ እርዳታ ማግኘት ይጀምር።

በዚህ ሳምንት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ልጆችን በሁለት ይከፍላቸዋል፤ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉት ቤተሰብን ማዕከል ባደረገ የቤት አገልግሎት ይታቀፋሉ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ በሕዝብ ትምህርት ቤት በኩል ይስተናገዳሉ። ጥያቄዎ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ምዘናው ተጠናቆ የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት። ልጅዎ ሦስት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ስለቀረው ዛሬ ቢጠይቁ ያ ጊዜ ሲያልቅ ከልደቱ በፊት የሚተርፍዎ ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው። ልደቱ ከ45 ቀን ያነሰ ሲቀረው ከጠየቁ ግን ፕሮግራሙ የመመዘን ግዴታ ስለሌለበት በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመራዎታል። ለሜሪላንድ ነዋሪዎች የተለየ ዕድልም አለ፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዕቅድ ከወጣለትና ለቅድመ መደበኛ ልዩ ትምህርት ብቁ ሆኖ ከተገኘ፣ ወላጅ ከፈለገ የቤተሰቡን አገልግሎት አራት ዓመት ከሞላው በኋላ እስካለው የትምህርት ዘመን መክፈቻ ድረስ ማራዘም ይችላል። ይህን ምርጫ የሚያገኙት ከልደቱ በፊት በሩን ያንኳኩት ብቻ ናቸው።

የሐኪሟ መጠይቅ ምን እንደሆነ ልግለጽልዎ። «ኤም-ቻት» ይባላል፤ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ሃያ ጥያቄ ያለው ማጣሪያ ሲሆን፣ ልጅዎ ዕድሜውን በጥቂት ወራት አልፎታል። ይህ ምርመራ ነው ብለው አይውሰዱት፤ ተጨማሪ መታየት የሚገባቸውን ልጆች የሚለይ ወንፊት ነው። ከጻፉልኝ ነገር ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ይላቸው የነበሩትን ቃላት መተዉ ነው። አንድ ልጅ የያዘውን ቃል ወይም ሰው የመቅረብ ልማድ ካጣ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን «እንየው» ተብሎ አይታለፍም። ለሐኪሟ ይህንኑ ለይተው ይንገሯት፤ የመስማት ምርመራም ታዝዝለት። በስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ጆሮው አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ወለል ላይ ማንኪያ ሲወድቅ መደንገጡ ብቻ በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም።

ከካውንቲው ምዘና ጎን ለጎን የሕክምናውንም መንገድ ይጀምሩ። የካውንቲው ባለሙያዎች ልጁ አገልግሎት ይገባዋል ወይ የሚለውን ይወስናሉ፤ የኦቲዝም የሕክምና ምርመራ የሚሰጠው ደግሞ የእድገት ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ነው፤ ኢንሹራንስና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) እንደ ኤቢኤ ያሉትን የባሕርይ ሕክምናዎች የሚሸፍኑት ይህን ሁለተኛውን ይዘው ነው። በባልቲሞር እንደ ኬኔዲ ክሪገር ኢንስቲትዩት ባሉ ማዕከላት ወረፋው ረጅም ስለሚሆን፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይወሰኑ በሁለትና ሦስት ቦታ ይመዝገቡ፣ ቀጠሮ የሰረዘ ሰው ሲኖር እንዲደውሉልዎም ይጠይቁ። እስከዚያ ግን የካውንቲው አገልግሎት ይህን ውጤት አይጠብቅም።

መዛኞቹ ቤትዎ ሲመጡ የሚያዩት ልጁን ብቻ አይደለም፤ አስተዳደጋችንንም ነው፤ የማያውቁትን አስተዳደግ ደግሞ በተሳሳተ መንገድ ሊያነቡት ይችላሉ። ለምሳሌ ማንኪያ ይዞ ራሱን ችሎ ይበላል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በእኛ ቤት የሦስት ዓመት ልጅ በእናቱ እጅ ቢጎርስ ማንም አይገረምም፤ መጠይቁ ላይ ግን «አይችልም» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ «አይበላም» ከማለት ይልቅ «እስካሁን የምናጎርሰው እኛ ነን፤ ማንኪያ ሰጥተነው አናውቅም» ብለው ያስረዱ። ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን አለማየትም በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ነገር ግን በዚህ አቅጣጫም ራስዎን እንዳያታልሉ እለምንዎታለሁ፤ ጨዋ ልጅ እንግዳ ፊት አንገቱን ቢደፋም የእናቱን ፊት ይፈልጋል፣ ያስደሰተውን ነገር ያሳያታል፣ ስትስቅ ይስቃል። እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ይህን ነው። ልጁ ሲጫወት፣ ሲበላና ሲጠሩት በስልክዎ ቀርጸው ያቆዩ፤ ባለሙያዎቹ በነበሩበት ሰዓት ተኝቶ ወይም አልቅሶ ቢውል እንኳ ቪዲዮው ይናገርለታል።

አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ እንግሊዝኛዎ ለሥራና ለገበያ ቢበቃም ይጠይቁ። ስለ ልጅዎ አንጎልና የወደፊት ሕይወት የሚነገርበት ስብሰባ በግማሽ ልብ የሚሰማ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ወላጅ የስብሰባውን ሂደት እንዲረዳ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ምዘናውም ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ተጠቃሚ ካደረጋቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛም እንዳለበት ይወቁ። ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ይልቁንም ትልልቅ ልጆች እንዲያስተረጉሙ አያድርጉ። ዘመድ እንዳያስከፋዎት ሲል ያለሳልሰዋል፤ ሌላው ደግሞ በማግስቱ ወሬውን ቤተ ክርስቲያን ያደርሰዋል።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። አስተማሪዋ በቀና ልብ እንደ ተናገረች አልጠራጠርም፣ ምክሯ ግን ትክክል አይደለም። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያድጉት እኩዮቻቸው በቋንቋ እድገት ወደ ኋላ እንደማይቀሩ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን አያመጣም፤ አንዱን መተውም አያድነውም። ይልቁንም እናት በደንብ በማትችለው ቋንቋ ልጇን ማናገር ስትጀምር ንግግሯ ይመነምናል፤ እሹሩሩው ይቀራል፣ ቁልምጫው ይቀራል፣ «ና ሂድ ተው» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይተርፋል። ልጅዎ የሚያስፈልገው የቃላትና የስሜት ብዛት ነው፤ ያንን አብዝተው ሊሰጡት የሚችሉት በሚያልሙበት ቋንቋ ነው። ከዚህም በላይ ቤተሰቡ ሁሉ ማዕድ ቀርቦ በአማርኛ ሲጫወት አንድ ልጅ ብቻ እንግሊዝኛ ከተመደበለት፣ ለመግባባት የሚቸገረውን ልጅ ከወሬው ጨርሶ እናስወጣዋለን። እንግሊዝኛውን ዴይኬሩና ቴራፒስቱ ያስተምሩታል። የንግግር ቴራፒስቱ የሚሠራባቸውን ጥቂት ቃላት ጠይቀው በአማርኛም ቤት ውስጥ ይደጋግሙለት።

ባለቤትዎ ያሉት ነገር መሠረተ ቢስ አይደለም። ዘግይተው የሚናገሩ ልጆች በእርግጥ አሉ፤ በአንዳንድ ቤተሰብም ይደጋገማል። ልዩነቱ ከቃል በፊት ባለው ነገር ላይ ነው። አንደበቱ ብቻ የዘገየ ልጅ ባይናገርም ይጠቁማል፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ወደ ላይ ጠቁሞ እናቱ ማየቷን ዞሮ ያረጋግጣል፤ የወደደውን ነገር ይዞ መጥቶ ያሳያል፤ ስሙ ሲጠራ ይዞራል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ውሃ ሲጠማው ብዙውን ጊዜ የእናቱን እጅ አንጓ ይዞ ይጎትትና ፊቷን ሳያይ እጇን ፍሪጁ እጀታ ላይ ያስቀምጠዋል። ከባለቤትዎ ጋር በቃል ከመከራከር፣ እሳቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከልጁ ጋር ብቻቸውን ይዋሉና እነዚህን ነገሮች ይመልከቱ። «ስም ማውጣት» ያሉትም ፍርሃት ይገባኛል፤ አባት ልጄ ለዕድሜ ልክ ምልክት ይደረግበታል ብሎ መስጋቱ ፍቅር ነው። ይሁንና የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በክትትሉ ሥር ካሉ የስምንት ዓመት ልጆች ከ31 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተመዝግቧል፤ በወንዶች ላይ ደግሞ ከሴቶች ከሦስት እጥፍ በላይ ይታያል። ልጃችሁ በዚህ አገር ለብቻው የተለየ ሆኖ አይታይም፤ መዝገቡም የሚሰጠው መብትን ነው።

የወንድም ወይም የእህት ነገር ከተነሣ፣ ታናሺቱን ልጅዎንም ልብ ይበሏት። ኦቲዝም ያለበት ወንድም ወይም እህት ካላቸው ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ ያህል ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ በ18 እና በ24 ወር የሚደረገው ማጣሪያ እንዳያልፋት። ክትባቷን ግን አያስቀሩባት። ክትባትና ኦቲዝምን ያገናኘው እ.ኤ.አ. የ1998 ጽሑፍ በ2010 በራሱ በመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ጸሐፊውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። የጎረቤቶቻችንን የሶማሌዎችን ታሪክ ብናይ ለእኛም ትምህርት አለው። በሚኒሶታ ይህ ወሬ በማኅበረሰባቸው መካከል ሲሰራጭ፣ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ የሁለት ዓመት ሕፃናት መጠን በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ በ2017 ኩፍኝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሶማሌ ሕፃናትን፣ አጠቃ። የክትባቱ መጠን እንዲያ ሲያሽቆለቁል የኦቲዝም ቁጥር ግን አልቀነሰም። ምልክቶቹ ጎልተው የሚወጡበት ዕድሜና ክትባቱ የሚሰጥበት ዕድሜ አንድ መሆናቸው ነው ብዙ እናቶችን የሚያሳስታቸው፤ በዚህ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ስለ እናትዎ ምክር በአክብሮት ልናገር። ጠበል የእምነት ጉዳይ ነው፤ ቤተሰቡ የሚጽናናበት ከሆነ እኔ የምከለክልበት ምክንያት የለኝም። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በእሱ ምክንያት ምዘናውም ሆነ ሕክምናው እንዳይቋረጥ፣ ልጁም ድንገት በቀዝቃዛ ውሃ እየተያዘ እንዳይሸበር። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ድምፅ፣ ንክኪና ቅዝቃዜ ከሌላው ሰው እጥፍ ሆኖ ስለሚሰማቸው፣ ጩኸታቸው ሕመም እንጂ ሌላ ኃይል አይደለም። የሚጥል በሽታ አብሮት ያለ ልጅ ደግሞ መድኃኒቱን አንድ ቀንም ማቋረጥ የለበትም። በእጅጉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በስልክ ላይ «ኦቲዝምን ያጠባል» እየተባለ የሚሸጥ የበረኪና ዓይነት ፈሳሽ አለ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ ማንም ቢያመጣልዎ ወደ ልጅዎ አፍ አያስጠጉት። እናትዎ ምናልባት እርግማን ነው ወይም ዓይን ነው ቢሉ፣ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ በልብዎ ይያዙ። ኦቲዝም በአብዛኛው ከውልደት በፊት ከሚጀምር የአንጎል አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው፤ በዘር ውርስም ከፍተኛ ድርሻ አለው። ሥራ በመብዛቱ፣ ቴሌቪዥን በማየቱ ወይም በእርግዝና ጊዜ በማልቀስዎ የመጣ አይደለም።

ልላከው ወይ ላሉት አቋሜ ግልጽ ነው፤ አሁን አይላኩት። አገር ቤት ደግ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች፤ እስከ ዕረፍቷ እስከ 2021 ድረስም ተደብቀው የነበሩ ልጆችን ወደ ብርሃን ስታወጣ ኖረች። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከዚያ በኋላ ተመሥርቶ ያገለግላል። ነገር ግን እነዚህ ማዕከላት ከሚጠብቃቸው ልጅ ብዛት አንጻር ቦታቸው እጅግ ጠባብ ነው፤ እናትዎ በጎረቤት ልጆች ላይ ተስፋ ቢያደርጉም፣ እንዴት እንደሚጫወቱ ያልገባውን ልጅ ልጆች መሃል ማኖር ብቻውን መጫወት አያስተምረውም። በአንጻሩ እዚህ በሕግ የተረጋገጠለት አገልግሎት አለ፤ ካውንቲውን ሲለቅ ወረፋውንም ዕቅዱንም ያጣል። ከሁሉ በላይ ሰውን ለመቅረብ የሚቸገር ልጅ፣ ሊቀርበው የጀመረው ሰው እርስዎ ነዎት።

ስለ ወረቀታችሁ ያለዎትን ፍርሃት በሁለት ልክፈለው። የካውንቲው ምዘናና የትምህርት ቤት አገልግሎት ከኢሚግሬሽን ጋር አይያያዝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ፕላይለር በዶ ላይ በተባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅን በመኖሪያ ሁኔታው ምክንያት ሊከለክል አይችልም፤ ልጅዎ ደግሞ ዜጋ ነው። ልዩ ትምህርት ማግኘቱ ወላጁን «የመንግሥት ሸክም» (ግሪን ካርድ ሊያስከለክል የሚችለውን መመዘኛ) አያስብልም። በተጨማሪም ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ግሪን ካርድ ሲጠይቁ ከዚህ የሸክም መመዘኛ በሕግ ነፃ ናቸው። ሜዲኬይድና ኤስኤስአይን (ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ) የመሳሰሉት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ዜጋ የሆነ ልጅ በራሱ ስም ማመልከት ቢችልም፣ ደንቡ ከአስተዳደር አስተዳደር ይለዋወጣል፤ ከ2025 ወዲህ የሜዲኬይድ መረጃ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት መተላለፉም ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር ሆኗል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት የጥገኝነት ጉዳይዎን የያዘውን ጠበቃ ያማክሩ። በመደብር ወይም በታክሲ ውስጥ የሰሙትን ሰምተው የልጅዎን መብት አይተዉ፤ እኔ የጻፍኩትንም ቢሆን የጠበቃዎ ምክር ምትክ አያድርጉት።

ወረፋ በሚጠብቁበት ጊዜ እጅዎ ባዶ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ ሐሳቡም ልጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማስተማር ሳይሆን በየዕለቱ በምንሠራው ሥራ ውስጥ አብሮን እንዲሳተፍ ማድረግ ነው። ጉርሻችን ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ከልጁ ፊት ለፊት፣ ዓይንዎ ከዓይኑ እኩል እንዲሆን ወለል ላይ ይቀመጡ። የሚወደውን ፍርፍር ወይም ሩዝ በትንሹ ጠቅልለው ወደ አፉ ከማስጠጋት ይልቅ ከጉንጭዎ አጠገብ ይያዙትና ዝም ብለው በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ዞር ብሎ ቢያይዎ፣ እጁን ቢዘረጋ ወይም «እ» ቢል፣ ያችን እንደ ሙሉ ንግግር ይቀበሏትና «ጉርሻ! እንካ» ብለው ወዲያው ያጉርሱት። ቢያለቅስ ወይም ቢሸሽ ይስጡት፤ ማስራብ ወይም ማስለመን አይደለም ዓላማው። በማዕድ አንድ ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፤ የቀረውን በሰላም ይብላ። እጅዎን ጎትቶ ፍሪጁ ጋ ሲወስድዎም ወተቱንና ጭማቂውን በሁለት እጅ ይዘው «ወተት? ጭማቂ?» ብለው ይጠብቁት። የነዚህን ነገሮች ፎቶ አትመው ፍሪጁ በር ላይ ቢለጥፉና ልጁ በጣቱ ቢነካ፣ ያም መናገር ነው፤ ሥዕል መጠቀም አፍን ያዘገያል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። ቡና ሲፈላ፣ ዕጣኑና የእንግዳው ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ከያዘ በሩ አጠገብ ቦታ ይስጡት፤ ካስፈለገም ይውጣ። እንግዶችዎን «ሳሙት፣ ጨብጡት» እያሉ እንዳያስጨንቁት አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ብቁ ሆኖ ከተገኘና የቤተሰቡን አገልግሎት ካላራዘሙ፣ ትምህርት ቤቱ «አይኢፒ» የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ያወጣለታል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆቻችን ሲጎዱ አያለሁ። መምህርን አክብረን ያደግን ስለሆንን፣ ስድስት ባለሙያ ጠረጴዛ ከቦ ሲያነብልን አንገታችንን እየነቀነቅን «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ፈርመን እንወጣለን። እነሱ ግን መስማማትዎን ይመዘግባሉ። በዚህ አገር ወላጅ የዕቅዱ ቡድን አባል ነው፤ መጠየቅና አለመስማማት ነውር የለበትም። በሜሪላንድ ሕግ ስብሰባው ላይ የሚቀርቡት ሰነዶች ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ሊደርስዎ ይገባል፤ ከካውንቲው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ በሚናገሩት ቋንቋ ዕቅዱን አስተርጉመው እንዲሰጡዎትም መጠየቅ ይችላሉ፤ ስለዚህ በአማርኛ ይጠይቁ። የንግግር ቴራፒ በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ ለብቻው ወይስ በቡድን፣ በማን እንደሚሰጥ በቁጥር ተጽፎ ካላዩ አይፈርሙ። በምዘናቸው ካልተስማሙ በእነሱ ወጪ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲታይ የመጠየቅ መብት አለዎት። «ፔረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ» የተባለው ድርጅት ወላጆችን በዚህ ሁሉ በነፃ ያማክራል፤ በየክፍለ ግዛቱም እንዲህ ያለ የወላጆች ማሠልጠኛ ማዕከል ስላለ ሌላ ቦታ የምትኖሩ አንባቢዎች የየአካባቢያችሁን ጠይቁ።

ስለ እርስዎም አንድ ነገር ሳልል ብቀር ደስ አይለኝም። ደብዳቤዎ ውስጥ ሁሉም ሰው ምክር ሲሰጥ አየሁ፤ ልጁን ለአንድ ሰዓት ይዞ እርስዎን ያሳረፈ ግን አልተጠቀሰም። ለቅሶና ሠርግ ሲሆን ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ምግብ ያዞራል፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ግን ማንም ስለማይነግረው ይቀራል። ለሁለት የሚያምኗቸው ሰዎች ጉዳዩን በስሙ ይንገሩና የተለየ ነገር ይጠይቋቸው፤ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጁን ያዙልኝ» ይበሏቸው። «ምን ላግዝሽ» ለሚል ሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም» ብለው አይመልሱት። የቤተ ክርስቲያን አባቶችና የማኅበር ሰዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ከቅዳሴው አጠገብ ድምፅ የማይበዛበት አንድ ክፍል ብትከፍቱ ስንት እናት ወደ ማኅበሯ እንደምትመለስ አስቡት።

ሁለት ነገሮች ደግሞ አይዘንጉ። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳይታሰብ ከቤት ይወጣሉ፤ ከሁሉ የሚያሰጋውም ውሃ ነው። የመውጫው በር ላይ ልጁ የማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ ያስገጥሙ፤ በአፓርታማው ግቢ መዋኛ ካለ አጥሩ መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ከጠፋ አስቀድመው የሚፈልጉት ውሃ ባለበት በኩል ይሁን። ሁለተኛው የሜሪላንድ ኦቲዝም ዌቨር መዝገብ ነው፤ የቤት ውስጥ ድጋፍና ለወላጅ የእረፍት ጊዜ የሚያስገኝ ፕሮግራም ቢሆንም ተራው የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ የሕክምናው ውጤት በእጅዎ በገባ ቀን ያስመዝግቡት።

ለካውንቲው ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» ብለው መስመሩ ላይ ይጠብቁ። አስተርጓሚው ሲገባ እንዲህ ይበሉ፦ «ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ አይናገርም፤ ይላቸው የነበሩትን ቃላት ትቷል፤ ስሙን ስንጠራው አይዞርም፤ እንዲመዘንልኝ እጠይቃለሁ።» ያነጋገረዎትን ሰው ስምና የደወሉበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ 45 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።